ባሌ በስልክ ያከማት ላም

ጓዶች፣ ይህን ስጽፍላችሁ ጆሮዬ ገና እንደጋለ ነው።

ዛሬ ኤምባሲ ውስጥ ተዋረድኩ። በሕዝብ ፊት። በማይክሮፎን!

ባሌ በጋውን ሙሉ ሲያክማት የከረመችው ላም ማን እንደሆነች የሰማሁት እዚያ ነው።

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ከሥሩ ልንገራችሁ።

ለአዲስ ተከታዮቼ፦ ሰላማዊት እባላለሁ። የተወለድኩት ሰበታ፣ ያደግኩት ከእናቴ ጋር ሚኒሶታ፣ ፓስፖርቴ አሜሪካዊ። ከዓመታት በፊት አክስቴን ልጠይቅ ብዬ ለአጭር ዕረፍት ሰበታ መጣሁ።

ይኸው እስካሁን ዕረፍት ላይ ነኝ።

ለምን ቀረሽ አትሉም?

የአክስቴ ላም ምጥ ይዟት ሐኪም ተጠራ። በረት ስገባ አንድ ረጅም ሰውዬ እጁን እስከ ብብቱ ላሟ ውስጥ ከቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ ያወራል። ከላሟ ጋር! ጥጃው ወጣ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ሳሙና አለ?» አለኝ።

በቃ። ተጋባን።

(እሺ፣ መሃል ላይ ትንሽ ነገር አለ። ግን ረጅሙ ንግግሩ ያ ነበር።)

ስሙ ቶሎሳ ነው። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ የእንስሳት ሐኪም። ስሙ ቶሎሳ ይባል እንጂ ቶሎ ብሎ የመለሰው ጥያቄ የለም። «ሻይ ልቅዳልህ?» ብዬው እስኪመልስልኝ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ታካሚዎቹ ስለማያወሩ እሱም ጸባያቸው የተጋባበት ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ለሁለታችንም አወራለሁ።

ታዲያ እናቴ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ሚኒሶታ ብቻዋን ናት። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም እየደከመ ነው። በየሳምንቱ እሁድ እደውልላታለሁ። «እንዴት ነሽ እማዬ?» «ደህና ነኝ።» «ጉልበትሽስ?» «ደህና ነው።» «ቤቱስ?» «ደህና ነው።» ከዚያ ቀሪውን ሰዓት እኔ አወራለሁ።

ዕድሜዋ ሲገፋ ግን ልቤ አልችል አለ። ተመልሼ አብሬያት ልኖር ወሰንኩ። ቶሎሳን ስነግረው አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበና «እንሂድ» አለ።

ስለዚህ ስፖንሰር አደረግኩት።

አሁን ልብ በሉ! አሜሪካ ተቀምጦ ባል ስፖንሰር ማድረግ አንድ ነገር ነው። ሰበታ ተቀምጦ ማድረግ ሌላ! እኔ «ባሌን ወደ አገሬ ልወስደው ነው» ስል እነሱ ደግሞ «አንቺ ራስሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ ወይ? የት ነው የምትኖሪው? አረጋግጪ» ይላሉ።

እውነታቸውን ነዋ። ቤቴ ሰበታ። ኦንላይን እንግሊዝኛ የማስተምረው ከሰበታ። ጎመን እንኳ የተከልኩት ሰበታ!

መልሴ አንድ ነበር፦ «እናቴ ቤት እንገባለን።» አድራሻዋን ሞላሁ፣ ፋይሉን ላክሁ፣ ጠበቅን። ካልተሳካ ወይ እናቴን ወይ ባሌን መምረጥ ነበረብኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም ገና አሁን ነው።

በመሃል ቶሎሳ አንድ ጸባይ አመጣ።

ሁልጊዜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ስልኩን ይዞ ከበረቱ ጀርባ ይሄዳል። ያወራል። ቶሎሳ! ያወራል! አንዳንዴም ይስቃል።

አንድ ቀን ተጠግቼ አዳመጥኩ። የእኔ ኦሮምኛ ሽንኩርት ከመግዛት አያልፍም፤ ግን «አካም ቡልተን?» ሲል ሰማሁ። እንዴት አደሩ ማለት ነው። በጀንበር መጥለቂያ!

ቡራዩ ላለችው ጓደኛዬ ለመሲ ቮይስ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች። «ሴትዮ ንቂ! በዚህ ሰዓት እንዴት አደርሽ የሚባለው ሌሊት ሥራ አድራ ቀን ለምትተኛ ነው!»

እንቅልፍ ነሳችኝ።

ራሴን አረጋግቼ ጠየቅኩት። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

አሰበ። «አንዲት ላም አለች» አለኝ። «ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነው። እየተከታተልኳት ነው።»

ፊቱን አየሁት። እውነት ይመስላል። አዘንኩላት።

ከዚያ ወዲያ እኔው ጠያቂ ሆንኩ። «ላሟስ?» «ጄሶ ተደርጎላታል።» «ላም ጄሶ ይደረግላታል እንዴ?» «አንዳንዷ።» በሌላ ቀን «ዛሬስ?» «ቆማለች።» «እልልል!» በሌላ ቀን ደግሞ «ጥቂት ሄደች፤ ግን ምግብ አልበላ ብላለች።» «ጨው ስጧታ!» አልኩት።

ጨው ስጧት! አቤት ምክር።

ይኸው ዛሬ ቀጠሮው ደረሰ። ከሰበታ በሚኒባስ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ጥያቄ አስጠናሁት። የት ተገናኛችሁ? ሠርጉ የት ነበር? ሚስትህ ምን ትወዳለች? አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ በመጨረሻ ዞር ብለው «ልጄ፣ ሰውየው አልፏል። ተይው እስቲ ይተንፍስ» አሉኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ የእሱ ዝምታ ነበር። «ይህ ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያስብ ቢሮው ይዘጋል» ብዬ። የእኔ ነገር? አላሰብኩትም። እኔ ስፖንሰሯ ነኛ! ዜጋ!

ስልክ በር ላይ አስቀምጠን ገባን። ተጠራን። ከመስታወቱ ኋላ አንዲት ወጣት ፈረንጅ ተቀምጣለች። ንግግሩ በማይክሮፎን ስለሆነ የሁሉም ሰው ጉዳይ አዳራሹን ያዳርሳል።

«የት ተገናኛችሁ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

ቶሎሳ አሰበ። «ላም ጋ» አላት።

ጠበቀችው። ጨርሷል።

በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። «የአክስቷ ላም» ብሎ ጨመረበት።

እግዜር ያሳያችሁ!

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ለዓመታት የኖርሽው እዚህ ነው። ቪዛ ካገኘ አሜሪካ የት ነው የምትኖሩት?»

ይህማ የእኔ ሜዳ ነው! ደረቴን ነፍቼ «እናቴ ቤት» አልኩ። አድራሻውን በቃሌ ወረድኩት። ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ሳይቀር። «እዚያው ነው ያደግኩት። እናቴ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አትልም» አልኩ።

ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እዚያ የሉም» አለ።

«ማን?»

«እናትሽ። ቤት ቀይረዋል። ግራውንድ ላይ ገብተዋል።»

ፈረንጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንዴ እኔን ታያለች፣ አንዴ ፋይሉን ታያለች። አስቡት! ስፖንሰሯ የገዛ እናቷ የት እንደምትኖር አታውቅም። እኔ ብሆን ራሴን አላምንም።

«አንተ እንዴት አወቅክ?» አለችው።

ይኼኔ ቶሎሳ ያልጠበቅኩትን አደረገ። «ስለ እናቴ ስለሆነ በኦሮምኛ ብናገር ይሻለኛል» አላት።

እኔ በሆዴ፦ እናቱማ ሱሉልታ ናቸው!

አስተርጓሚ መጣ፤ ጠና ያሉ፣ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ። ቶሎሳ መናገር ጀመረ። በኦሮምኛ። ሳያስብ። ሳያቆም!

እኔም የገዛ ባሌን በአስተርጓሚ አዳመጥኩት።

ለካ የቪዛው ነገር ሲጀመር ነው የእናቴን ቁጥር የያዘው። አንድ ቀን ለሰላምታ ደወለላት። እናቴም ሰበታ ያደገች ናትና ኦሮምኛዋን የሚያወራት ሰው አግኝታ አልጠግብ አለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ። የእኛ ማምሻ የእሷ ጠዋት ነው። እንዴት አደሩ!

አንድ ጠዋት እንዲሁ እያወሩ ደረጃ ስትወጣ ጫማዋ ላይ በረዶ ነበርና አንሸራተታት። ወደቀች። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ታችኛው ደረጃ ላይ ቀረ። አልደረሰችበትም። ስፒከር ላይ ስለነበር ድምፁ ግን ይሰማታል።

«እግርዎን አያንቀሳቅሱ» አላት ከሰበታ። «ቁልፉ እጅዎ ላይ ነው?»

ነው።

«የደረጃውን ብረት ይምቱበት።»

መታችው። ማንም አልመጣም። ደከማትና አቆመች። እሱ ግን አላቆመም። «እሰማዎታለሁ» ይላታል። «ይምቱ እናቴ፣ እሰማዎታለሁ። አሁንም ይምቱ።»

አስተርጓሚው እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ።

በር ተከፈተ። ጎረቤት ወጣች። ስልኩን ስታነሳው ቶሎሳ ነው፣ በእንግሊዝኛ፦ «እግሯን አትንኩ፣ አምቡላንስ ጥሩ።» አምቡላንሱ መጥቶ እስኪጭናት ድረስ ከመስመር አልወጣም።

እኔ በዚያ ሰዓት የት ነበርኩ?

ቤት ውስጥ! ትዝ አለኝ። «ምስሩ ቀዘቀዘ እኮ!» ብዬ በመስኮት ስጮህበት። ገብቶ ሳይበላ ተቀመጠ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «አንዲት ላም…» ብሎ…

ላም።

እግር የተሰበረች።

ጄሶ የተደረገላት።

«ላሟ እማዬ ናት እንዴ?!» ብዬ ጮህኩ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጥበቃው ከወንበሩ ተነሳ። አስተርጓሚውም ሥራቸው ነውና መነጽራቸውን አድርገው በጥሩ እንግሊዝኛ ለፈረንጇ ተረጎሙላት፦ ላሟ እናቷ እንደሆነች እየጠየቀች ነው።

ወገኖቼ፣ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ «አመሰግናለሁ» ነበር የምለው።

ፈረንጇ አልሳቀችም። «ለምን አልነገርካትም?» አለችው።

«እናቷ አስምለውኝ ነው» አላት። «ከሰማች አንተን ጥላ ትመጣለች፤ አብራችሁ ካልሆነ አትምጡ አሉኝ። እኔ ሚስቴን መዋሸት አልችልበትም። ስለዚህ በየቀኑ ነገርኳት። በላም አድርጌ።»

ፈረንጇ አዲሱን አድራሻ ጠየቀች። ቶሎሳ ነገራት። የሆነ ነገር ጻፈች። ከዚያ ለእሱ «ቪዛህ ተፈቅዷል» አለችው። ለእኔ ደግሞ ማይክሮፎኑን አጥፍታ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ ብላ፦

«ስትወጪ እናትሽ ጋ ደውዪ።»

ማይክሮፎኑን ማጥፋቷ! እንዴት ያለች ሰው ናት። ከጠዋት ጀምሮ ያልተሰማብኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ወጣን። እየሮጥኩ ስልኮቻችንን ተቀበልኩ። የእኔ ቶሎ አልበራ አለኝ። የእሱን ቀማሁትና ደወልኩ። አንዴም ሳይጠራ ተነሳ።

«ቶሎሳዬ! አለፍክ ልጄ?»

እዚያ ሌሊት ነው። ሳትተኛ ስትጠብቀው ኖሯል።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«…ነገረሽ?» አለችኝ።

«በማይክሮፎን እማዬ! ለምንድን ነው እኔን ያልጠራሽኝ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ነሽ እንጂ ልጄ» አለችኝ። «አንቺ ብትሰሚ ትጮሂያለሽ። አንቺ ስትጮሂ እኔ እፈራለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። በይ ዝም ብለሽ ስጪኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ ልበለው።»

ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

እሱ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከኋላው አየሁት። ያው ሰው ነው፤ ያው የተጣመመ ኮሌታ፣ ያው የበረት ሽታ ያለው ጃኬት። ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ፣ ራት የሚቀዘቅዝበት ሰው። ዓለምን ተሻግሮ የቁልፍ ድምፅ ሲያዳምጥ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ እናቴን ከሞት ያስቀረልኝ ሰው። እኔስ ከሌላ ሴት ጋር ነው ብዬ ነበር!

እንዲህ ያለ ሰው አብሮኝ ሲኖር ለካ አላየሁትም። እውነቴን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት። እንደሚከበር ሰው።

(መሲ ይህን ካነበብሽ ይቅርታ ጠይቂው። እኔ ጠይቄያለሁ። እስካሁን እያሰበበት ነው።)

እና ትምህርቱ ምንድን ነው? ከአሜሪካ ውጭ ሆናችሁ ስፖንሰር የምታደርጉ ሁሉ፣ ፋይላችሁን ከማሟላታችሁ በፊት እናታችሁ የት እንደምትኖር አጣሩ። ከባላችሁም ቢሆን ጠይቁ። በተለይ ከባላችሁ!

እስቲ አሁን ኮመንት ላይ እናንተ ንገሩኝ። እናታችሁ «ደህና ነኝ» ስትላችሁ፣ እውነቱን የምትነግረው ለማን ነው?