የጋሼ ተፈራ የነሐሴ ሳምንት

መዝናኛ ፓርክ ሄዶ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ የሚቆም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ እኔ ነኝ። እዚህ ውጭ አገር፣ ፌርፋክስ ከተማ ጎረቤቴ የሆኑት ጋሼ ተፈራ ግን ፓርኩ አጠገብ ካለው ሪዞርት ታይምሼር የሚባለውን የክፍል ድርሻ ገዝተዋል። በየዓመቱ አንዲት የነሐሴ ሳምንት፣ ዕድሜ ልክ የሳቸው ናት። ሲፈርሙ የሐበሻ ካላንደር አላዩም፤ ሳምንቷ ሁሌም ፍልሰታ ላይ ትወድቃለች።

አምና ይዘውኝ ሄዱ። ቁርስ ላይ እንቁላሉ፣ ቋሊማው፣ አይቡ ተደርድሯል፤ እኔም ሳህኔን ሞልቼ ተቀመጥኩ። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ አጠገቤ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ ለምን አይሸጡትም?" አልኳቸው።

"እንዴት ይሸጣል?" አሉ። "ቤቴማ ሽሮው ያሸንፈኝና ገና በስድስት ሰዓት እበላለሁ። እዚህ ግን ለእኔ የሚሆን የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመው እዚህ ብቻ ነው።"

ሁለተኛውን ሳህኔን ቀስ ብዬ ወንበሬ ስር አስቀመጥኩት።