ለሁለት ጆሮ ስድስት ስፒከር

ሰው አርባን ሲሻገር የሆነ ነገር ይይዘዋል። አንዱ ቦታ አጥሮ ድንጋይ መከመር ይጀምራል። አንዱ የስፖርት ልብስ ገዝቶ ጠዋት ሊሮጥ ይወጣና ጉልበቱን ይዞ ይመለሳል። አንዱ ደግሞ ጫቱን ይዞ ጥጉን ያበጃል፤ እሱን ማንም አይነካው፣ እሱም ማንንም አይነካ። እኔን የያዘኝ ድምፅ ነው። ዘፈን አላልኩም፤ ድምፅ። ልዩነቱን ላስረዳችሁ ብል እናንተም እንደ ባለቤቴ በመሀል "ወጥ ጥጃለሁ" ብላችሁ ትነሱብኛላችሁና ይቅር።

የጀመረኝ በኮሮናው ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤታችን በፈረቃ ግቡ ብሎን ነበር፤ እኔ ደግሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ንብረት ያለ እኔም ቆሞ ስለሚውል ብዙውን ቀን ቤት እውላለሁ። ጅጅጋ ላይ ቤት መዋል ማለት ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማዳመጥ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ አገሩን የማላውቀው ሰው ሳሎኑን ሲኒማ ቤት ማድረጉን አየሁ። ከጫማ ካርቶን ብዙም የማትበልጥ ኮምፒውተር ራሱ ገጣጥሞ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጧል፤ ሦስት ስፒከር ከፊቱ፣ ሁለት ከኋላው፣ አንድ ወፍራም ባስ ደግሞ መሬት ላይ። ፊልሙ ውስጥ ሄሊኮፕተር ከፊት ይነሳና በሰውየው አናት ላይ አልፎ ከሶፋው ጀርባ ያርፋል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። በሰው ፈገግታ እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም።

ለባለቤቴ ለየትናየት ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ጆሮህ ስንት ነው?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"ታዲያ ስድስቱ ለማን ነው?"

መልስ ማጣት ግን ወንድን ልጅ ከዕቃ ግዢ አስቀርቶት አያውቅም።

ጉሌድ ጋ ሄድኩ። ጉሌድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ጎረቤቴና ወዳጄ ነው። ጅጅጋ ውስጥ ዕቃ ስትጠይቁት "የለም" የሚል ነጋዴ አታገኙም፤ "ነገ ይመጣል" ነው የሚላችሁ። ጉሌድን ከሌሎቹ የሚለየው፣ ነገ እውነትም ማምጣቱ ነው።

"ዋላል፣ ተገጣጥሞ ያለቀውን ለምን አትገዛም?" አለኝ። ዋላል በሶማልኛ ወንድም ማለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ሞኝ ነው ብሎ ሲያስብ ደግሞ ወንድምነቱ ይጠናል።

"ራሴ ልገጣጥመው" አልኩ።

"ሃዬ" አለ። እሺ ማለቱ ነው።

ትንሿ ማዘርቦርድ በድንበሯ ከተማ በአውበሬ በኩል መጣች፤ እንዴት እንደመጣች እኔም አልጠየቅኩም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ፕሮሰሰሩንና ራሙን ጉሌድ ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ፈታትቶ ሰጠኝ። ስፒከሮቹ ከሁለት የተለያዩ ቤቶች የመጡ ስለሆኑ መልካቸው አይመሳሰልም፤ እንደ እንጀራ ልጆች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ሁሉን የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ግን ጠፋ። በመጨረሻ የሱቁ ዕቃ ቤት ውስጥ ድሮ ካሴት ሲያጫውት የነበረ የቪዲዮ ዴክ አገኘንና ሆድ ዕቃውን አውጥተን ኮምፒውተሩን አስገባንበት። የከተማችን አቧራ እንዳይገባበት የአየር መግቢያውን በየትናየት ናይለን ካልሲ ሸፈንኩት። ፈቃዷን የጠየቅኩት ከሸፈንኩ በኋላ ነው።

ተገጣጠመ፤ በራ። ምስሉ የሰው የፊት ቀዳዳ ያስቆጥራል። ድምፁ ግን ከፊት ብቻ ነው የሚመጣው፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ስፒከሮቹን አቀያየርኩ፣ ስታቢላይዘሩን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ለካ ኮምፒውተሩ የሁለት ስፒከር ሰው አድርጎ ገምቶኝ ኖሯል። የድምፁን ማስተካከያ ከፍቼ ስድስት እንዳለኝ ስነግረው ያለ አንዳች ክርክር አመነኝ። ቤቴ ውስጥ ያመነኝ የመጀመሪያው እሱ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ የዕቃ ወሬ ነው። የሰው ወሬ የሚጀምረው አሁን ነው።

የጉሌድ አባት አዴር ጃማ ይባላሉ፤ አዴር አጎት እንደማለት ሲሆን ለትልቅ ሰው ሁሉ የሚሰጥ ክብር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበርበራ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ በባቢሌ አድርገው ሐረርና ድሬዳዋ ሲጭኑ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አማርኛውንም የተማሩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደባቸው ወዲህ ግን ከክፍላቸው አይወጡም ነበር። የድሮ ጓደኞቻቸው መጥተው ሲጠይቋቸው "ሃዬ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሰዎቹም እያፈሩ መምጣት ተዉ። "ዓይኑ ሲሄድ ምላሱንም ይዞበት ሄደ" ይለኝ ነበር ጉሌድ። ሐኪም ጋ ቢወስዳቸው ለዚህኛው መድኃኒት የለንም አሉት።

ስፒከሮቹን በፊልም የምንሞክር ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉሌድ አባቱን እጃቸውን ይዞ መጣ። እህቱ ባቢሌ ሠርግ ሄዳ አብሯቸው የሚሆን ሰው አልነበረም።

"ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ አያስቸግርህም" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳሎናችን ግን ጥግ የለውም፤ ጥጎቹን ስፒከር ይዟቸዋል። ስለዚህ አዴር ጃማ መሀል ሶፋው ላይ፣ ድምፁ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበትን ቦታ ለራሴ ብዬ በሜትር ለክቼ ያዘጋጀሁት ላይ ተቀመጡ። በእውነቱ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ፊልሙ የህንድ ነው። ከሥሩ የሚያልፈው ጽሑፍ በዓረብኛ ስለሆነ ለእኔና ለየትናየት ጌጥ ነው፤ ጉሌድ ብቻ ያነበዋል። ገና ከመጀመሩ አንድ የጭነት መኪና በግራ ከኋላችን ተነስቶ እያጓራ መጣ። አዴር ጃማ አንገታቸውን ወደ ግራ መለስ አደረጉ። ቀኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ፍሬን ሲፈልግ አየሁት።

"ባዶ ነው" አሉ።

"ምን አልክ?" አለ ጉሌድ።

"መኪናው። ባዶ ነው። ጭነት የያዘ እንዲህ አይጮህም።"

ስክሪኑ ላይ መኪናው ጆንያ እስከ አፉ ተጭኗል። እኔ ደግሞ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት አይሆንልኝም። "ኧረ አዴር፣ ጆንያ ሞልቶበታል" አልኳቸው።

"ጭድ ነው" አሉ። "ለፊልም ብለው ሩዝ የሚጭኑ መሰለህ?"

የትናየት ሳቀች። አዴር ጃማ ሳቋ ወደመጣበት ዞሩና ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ይመስለኛል። ጉሌድ ግን አልሳቀም። እጁ ላይ የነበረውን ገመድ አስቀምጦ አባቱን አፍጥጦ ያያል። ፊልሙን ያየው አልመሰለኝም።

ከዚያ ዝናቡ ተከተለ። አዴር ጃማ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ "ልጅቷ የምታለቅሰው የእናቷን ቤት ሊሸጡባት ስለሆነ ነው" አሉን።

"ህንድኛ ይሰማሉ እንዴ?" አለች የትናየት።

"ድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ነው ያደግኩት። በእንቅልፌም እሰማለሁ።"

ፊልሙ እስኪያልቅ ቤቱን የሚሸጠው ማን እንደሆነ፣ ባለ ጢሙ ለምን እንደሚዋሽ፣ ሽማግሌው ለምን እንደሚስል አንድ ባንድ ነገሩን። ሲጨርሱ ሻይ ጠየቁ፤ ቀጥለውም ሌላ ፊልም ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቁ። ጉሌድ ፊቱን ሊታጠብ ብሎ ወደ ግቢ ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ በውሃ ምክንያት ነው ብለን ሻይ ቀዳንለት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ በሌለበት ከሰዓት ሁሉ አዴር ጃማ ቤታችን ናቸው። ወሬው ተሰማ። መጀመሪያ አከራያችን ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ቀጥሎ የፊት ለፊቱ ልብስ ሰፊ መጣ፤ ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ባሏ የት እንደሚያመሽ ለማጣራት። ሁሉም ፊልም ሊያዩ ነው የመጡት እላለሁ እኔ። እነሱ ግን ስክሪኑን ትተው የአዴር ጃማን አፍ ነው የሚያዩት።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊው፣ "ይሄን ነገር ቀንሱት፤ አዴር የሚሉት አይሰማም" አለ። "ይሄን ነገር" ያለው ከፊት፣ ከኋላና ከመሬት የሚመጣውን ጥርት ያለ ድምፄን ነው። የትናየት ሪሞቱን አንስታ ቀነሰችው። በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ቀነሰችው። በኋላማ ባሱ እንደ ታመመ ሰው ከማቃሰት አያልፍም ነበር። ጨርሳ ልታጠፋው ስትል ግን አዴር ጃማ እጃቸውን አነሱ።

"ትንሽ ተይልኝ ልጄ፤ ከእሱ ነው የምቀዳው።"

ከሰሚዎቹ አንዱ የድሮ የመንገድ ጓደኛቸው ነበር። ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ድምፃቸውን ከአጥር ውጭ ሰምቶ ነው የገባው። ፊልሙ ሲያልቅ እጃቸውን ያዘና፣ ወደ ሐረር መውጫ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው የሚያርፉበት ሻይ ቤት ጋበዛቸው። እምቢ ይላሉ ብለን ጠበቅን። "ከዘራዬን አቀብሉኝ" አሉ።

በሚቀጥለው እረፍታችን አልመጡም። ቀጥሎም አልመጡም። አከራያችን በር ላይ ብቅ ብላ "የሉም?" አለችና ነጠላ ጫማዋን ሳታወልቅ ተመለሰች። መሀል ሶፋዬ ተመለሰልኝ። እኔና የትናየት አንድ ፊልም ከፈትን፤ ድምፁን እንደ ልቤ ለቀቅኩት። ዝናቡ ከላይ ወረደ፣ ፈረሱ ከኋላ መጣ። ሁሉም ነገር ያ የማላውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ እንዳየሁት ሆነ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለች የትናየት ከትንሽ ቆይታ በኋላ።

"እኔ ምን አውቄ።"

"ለምንድን ነው የሚሮጠው?"

"አላውቅም።"

ተነስታ ወጥ ልታይ ሄደች። ወጥ አልተጣደም ነበር።

በማግስቱ ጉሌድን ሱቁ አገኘሁትና አባቱ የነገሩን ነገር ልክ ይሆን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ዓረብኛውን ሲያነብ የነበረው እሱ ነውና። ሳቀ።

"የመጀመሪያው ፊልም ላይ ያለችው ልጅ የምታለቅሰው በደስታ ነበር፤ እያገባች ነው። ቤት የሚባል ነገር አልተሸጠም።"

"ባለ ጢሙስ? አይዋሽም?"

"ፖሊስ ነው።"

"እና ይሄን ሁሉ ጊዜ እያነበብክ ዝም አልከን?"

"ዋላል፣" አለኝ፣ "ያ ሁሉ ጊዜ ዝም ብሎ የኖረ ሰው ሲያወራ፣ ተሳስተሃል ብዬ ላቋርጠው?"

ከሰዓት በኋላ ወደ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ሾፌሮቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ወንበራቸውን አዴር ጃማን ከበው አዙረዋል። ቴሌቪዥን የለም፤ ስፒከር የለም። ውጭ አንድ መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ ሁሉም ባንድ አፍ ጮኹበት፤ አጠፋው። አዴር ጃማ ለትንፋሽ ታሪካቸውን ጋብ ሲያደርጉ ቀረብ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ወዲያው በድምፄ ለዩኝ፤ ክንዴን ጎተት አድርገው ከጎናቸው ቦታ አመላከቱኝ።

"ቶሎ ተቀመጥ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሰውየውን ልገድለው ስል ነው የደረስከው።"