ከአራቱ አንዱ

በየከተማው አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ጤነኛውን ሁሉ የሚያሳምም ሰው አይጠፋም። የእንጅባራው ክቡር ጋሽ ይኸነው ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ደረታቸው ውስጥ ተቀበረላቸው። ልባቸው ዳነ፤ የኛ ጆሮ ታመመ።

ለቅሶ ቤት ገብተው "ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ያለ ችግር ይሳካላቸዋል" ይላሉ። ጉልበቴን አመመኝ ላላቸው ሰው ስለ ልብ ይመልሱለታል። ከዳንግላ በሚኒባስ አብሯቸው የመጣ መንገደኛ፣ ቁስሉ ከመቶ ስንቱ ሰው ላይ እንደሚያመረቅዝ ሳይማር አይወርድም። እኔም ከሩቅ ሳያቸው መንገድ መቀየር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ወይዘሮ ሙሉነሽ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ መሐል ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ በደቂቃ ሠላሳ አራት ጊዜ ብቻ እንደሚመታ፣ ባትሪ ካልተገጠመላት ሌላ ቀን ወድቃ ላትነሣ እንደምትችል ነገረን። እሷ ግን እምቢ አለች። እኛ ልጆቿ ምንም የለውም፣ እንደ መርፌ ነው እያልን አባበልናት። ፊታችንን አየችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ሳምንት ሙሉ ለምነን ለምነን ደከመን።

ጋሽ ይኸነው ሳይጠሩ መጡ። ልመልሳቸው አቅም አልነበረኝም። ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው ከዘጠና ስድስቱ ጀመሩ።

"የቀሩት አራቱስ?" አለች እናቴ።

ጋሽ ይኸነው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ" አሉ።

ባትሪውን ከልባቸው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ በሦስተኛው ቀን ከቦታው ተንሸራቶ ደረታቸው እንደገና መከፈቱን፣ ያን ቀን እንደ ሕፃን ማልቀሳቸውን ነገሯት። ይህንን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። እናቴ ፊታቸውን አየች።

"እንግዲያው እርስዎ አብረውኝ ይሂዱ" አለች።

አዲስ አበባ አብረውን ሄዱ። እናቴን አስገብተው በሩን ከዘጉት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ጋሽ ይኸነው አንድም ቁጥር አልተናገሩም። እጃቸውን ያዝኩ። ሐኪሙ ወጥቶ በደህና ማለቁን ሲነግረን፣ እኔ ቆሜ እሳቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከእናቴ ጎን ተቀምጠው፣ ግራ ክንዷን ለአንድ ወር ከትከሻዋ በላይ እንዳታነሣ ሲያስረዷት መጡ። ደብረ ማርቆስን እንዳለፍን እንቅልፍ ወሰዳት። እሳቸውም ዝም ብለው በመስኮት ያዩ ጀመር።

ዝምታቸው ከበደኝ።

"ጋሽ ይኸነው፣ ባትሪው ሲያልቅስ እንዴት ነው የሚቀየረው?" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። እንጅባራ ለመድረስ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረን ነበር።