ከሰደፉ ብረት ሥር

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ ወንበር ሲሰጡት ከመቀመጡ በፊት ገልብጦ ሥሩን የሚያይ። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም" የሚል ካለ፣ ወይ ዘመዶቹን በደንብ አያውቅም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የግቢያችን ጓሮ ያለችው ክፍል ገቡ። አባቴ "ክቡር መርማሪ" ይላቸዋል። ለማሾፍ ያወጣው ስም ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "አቤት" ይላሉ።

ክቡር መርማሪ ከሰው በፊት ከዕቃው ጋር ይተዋወቃሉ። የበር እጀታ ጨብጠው፣ የጠፋ ልጅ እንዳገኘ ሰው ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "አንተን ደግሞ ማን ሠራህ?" ይሉታል። ጥርስ ሊነቀሉ ሄደው፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ወደ መሰርሰሪያው እየጠቆሙ ሐኪሙን የፋብሪካውን ስም አስነብበውታል። አንድ ሰርግ ላይ የሳህኑን ጀርባ ለማየት ከመቸኮላቸው የተነሳ ሾርባው ውስጡ መኖሩን ረሱት። አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ የለበስኩትም ነጭ ቀሚስ። ጎረቤታችን የሞቱ ቀን ደግሞ ሬሳ ሳጥኑ ሥር ተንበርክከው የማዕዘኑን መጋጠሚያ በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱ፣ ሐዘኑ የጠናባቸው መስሏቸው ሁለት ሴቶች ሊያነሷቸው መጡ። ክቡር መርማሪም እንባ ባቀረሩ ዓይኖች ቀና ብለው፣ "አንድም ምስማር የለበትም" አሏቸው።

እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ጥላዬ እንኳ መንገድ ላይ ቀድሞኝ ሲሄድ የማፍርበት ዕድሜ ነው።

የምርመራዎቻቸው ሁሉ አውራ ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአደን ጠመንጃ ነበር። መተኮስ ያቆመው እኔ ሳልወለድ ነው። ለአንድ አዳኝ ክንድና ትከሻ ተለክቶ በትእዛዝ የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ሰደፉ ጉንጭ የሚያርፍበት ላይ በቀስታ ያበጠ፣ መዳፍ የሚይዘው ቦታ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በጥቃቅኑ የተፈለፈለ ነው። ያወረሱን አያቴ፣ የእናቴና የክቡር መርማሪ አባት፣ አናጢ ነበሩ። የትምህርት ቤት ዴስክ ሲሠሩ ኖረው ስማቸው በአንድም ነገር ላይ ሳይጻፍ ሞቱ። ሲሞቱ ግን ወደ ጠመንጃው እያዩ፣ "እንጨቱን የሠራሁት እኔ ነኝ" ብለው ነበር።

የጂኦግራፊ መምህሩ አባቴ ይህን አላመነም።

"አማቼን እወዳቸው ነበር" ይላል። "ግን እሳቸው የሠሩት ዴስክ ላይ ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ይወዛወዛል።"

እናቴ ትስቃለች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ጠመንጃው ላይ ይቀራል። ክቡር መርማሪ አይስቁም። የአባታቸው የመጨረሻ ቃል ውሸት ተብሎ በየምሳው ሲነሳ መስማት አንገብግቧቸዋል። በርሜሉ ላይ ያሉትን ማኅተሞች ጠመኔ አልብሰው፣ ስስ ወረቀት ደርበው፣ በእርሳስ አሽተው አወጧቸው። በአጉሊ መነጽር አራት አሃዝ ቁጥር አነበቡ። ለፋብሪካዎች፣ ለሙዚየሞች፣ አንድ ጊዜም በስህተት ለአንድ የቢስክሌት አከፋፋይ ጻፉ። አከፋፋዩ ብቻ ነው ቶሎ የመለሰላቸው። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ፋብሪካ፣ "በርሜሉ የእኛ ነው፤ እንጨት ሳይገባለት ነው የሸጥነው" ብሎ ጻፈ። ክቡር መርማሪ ደብዳቤውን በቁማቸው ሦስት ጊዜ አነበቡልን።

"ስለዚህ እንጨቱን ሌላ ሰው ሠራው ማለት ነው" አለ አባቴ። "አናጢ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው?"

በዚያው ሰሞን ክቡር መርማሪ ሌላ ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የጠመንጃ ጠጋኝ እንዳሉ ሰሙና፣ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ለሦስት ቀን ሄዱ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት የሠራሁትን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ቤታችን ሊመጡ ነበር። ቤቱ እየታደሰ፣ ቀለም ቀቢው በርና መስኮቱን ቫርኒሽ እየቀባ ነው። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሃል ጠመንጃው ጠቁሮ፣ በጥላሸትና በእጅ ወዝ ተለብጦ ተሰቅሏል። ስለ ክቡር መርማሪ ምንም ማድረግ አልችልም፤ ስለ ጠመንጃው ግን እችላለሁ አልኩ። ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት አውርጄ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ሰደፉ ጫፍ ላይ ያለችውን ብረት ቫርኒሽ እንዳይነካት በካቻቢቴ ፈታኋት። ከሥሯ፣ እንጨቱ ላይ፣ ግራጫ ጭረት ነበር። እድፍ መሰለኝ። ሦስት ጊዜ ብቻ ፈተግኩት፤ ጠፋ። ከዚያ ከቀለም ቀቢው ቆርቆሮ ቀንሼ ቀባሁት። እንደ መስታወት አብለጨለጨ፤ እኔም በሥራዬ ተደነቅኩ።

ክቡር መርማሪ ሲመለሱ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም።

"ካቻቢቴ" አሉ። "ሽማግሌው ነገሩኝ። የድሮ ሠሪዎች የሚፈርሙት በእርሳስ ነው፤ እዚህ ሰደፉ ብረት ሥር፤ እጅም ዝናብም በማይደርስበት።"

ጠመንጃውን ሲያነሱ ጣታቸው እንጨቱ ላይ ቆመ። አዩት። ሆኖም ሁለቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ፤ ብረቷን አነሱ። እንጨቱ እንደ ተላጠ ድንች ነጭ ነበር።

ክቡር መርማሪ አውራ ጣታቸውን አሸተቱ።

"ጥሩ ሥራ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ሠራው?"

"ቀለም ቀቢው ይመስለኛል" አልኩ።

አባቴ ሊያባርረው ሲነሳ ክቡር መርማሪ፣ "ተወው፣ እኔ አነጋግረዋለሁ" አሉ። በማግስቱ ጠዋት በመስኮት አየኋቸው። በርጩማ አስጠግተው ቀለም ቀቢው ሲሠራ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያ ጨብጠውት ሄዱ። ይቅር ያሉት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር መገልበጥ ተዉ። የአክስቴ ልጅ ስታገባ ሾርባቸውን በማንኪያ እስከ መጨረሻው ጠጥተው፣ ሳህኑን እንደ ነበረ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ሾርባዬን ሳልነካ ተነሳሁ።

ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ፈሪ ነኝ። ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ እሑድ ክፍላቸው ገብቼ በርጩማቸው ላይ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ያ ጠመንጃ…"

እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ከትራሳቸው ሥር አንድ ደብተር አውጥተው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡልኝ፦

"በርሜል፦ ፋብሪካው ታውቋል። እንጨት፦ አባቴ፤ ማስረጃ የለም። ቫርኒሽ፦ የእህቴ ልጅ። የብሩሹ መስመር ከግራ እጅ የወጣ ነው። ቀለም ቀቢው በቀኙ ይሠራል።"

የተጻፈበት ቀን ያው፣ በመስኮት ያየኋቸው ጠዋት ነው። በቤታችን ግራኝ እኔ ብቻ ነኝ።

"ያውቁ ነበር" አልኩ። "ለምን አልጠየቁኝም?"

"ጠይቄያለሁ እኮ። 'ማን ሠራው' ብዬ።"

አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና፣ "አሁን ዋናውን ንገሪኝ" አሉ። "ብረቷን ስታነሺ ምን ነበር?"

"ጭረት ነው ጋሼ። እንደ ማጭድ የታጠፈ መስመር። ከሥሩ… ሁለት ነጥብ።"

ከዚያ፣ "እስቲ ተነሺ" አሉኝ።

የተቀመጥኩበትን በርጩማ ገለበጡት። ከሥሩ፣ እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ጥግ፣ በእርሳስ የተሳለ ማጭድ ነበር፤ ከሥሩም ሁለት ነጥብ።

"አባቴ ስም መጻፍ አይችሉም ነበር" አሉ። "ይቺን ነበር የሚያደርጉት። ግን የሠሩትን ሁሉ ሸጠውታል፤ ከነምልክቱ ለእኔ የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት።"

ያኔ ነው የገባኝ። በየቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየግብዣው ወንበር ሲገለብጡ የኖሩት አባታቸውን ሲፈልጉ ነበር። ሳህኑና የበር እጀታው ከፍለጋው የተረፈ ልማድ ነው።

ደብተሩን ተቀብለው "ማስረጃ የለም" ከሚለው ጎን፣ "አንድ ምስክር አለ" ብለው ጨመሩ።

"አባትሽ አያምንም" አሉ።

"እኔ እነግረዋለሁ። የፋቅኩት እኔ ነኝ እላለሁ።"

በምሳ ሰዓት ተናገርኩ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። አባቴ ስለ ዴስኩ ሊያነሳ ነበር፤ አላነሳም። ቀለም ቀቢውንም ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ስለ ምን እንደሆነ ጨርሶ ስላላወቀ የበለጠ አፈርኩ።

ባለፈው ወር ደግሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሰርግ ነበር፤ ክቡር መርማሪን ይዣቸው ሄድኩ። አለቆቼ ሁሉ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ክቡር መርማሪ ሳህናቸውን በጥንቃቄ ገለበጡ፤ ይህን ጊዜ ባዶ ነበር። ጀርባው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ሳህን ዞረ።

ሾርባዬን እንዳለ አንስቼ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁና ሳህኑን ሰጠኋቸው።