ማለዳ የሚሮጥ ሰው ደጃፍ ላይ አይቆምም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ከብርድ ልብሱ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አምን ነበር፤ ወይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ወይ አውቶቡስ ተሳፋሪ። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ ነው ጉድ የሠራኝ። ክንዴን ጠቅልሎ የደም ግፊቴን ለካና ግንባሩን ቋጠረ። «ሩጫ ግፊት ይቀንሳል፤ ማለዳ ማለዳ ሩጥ» አለኝ። በዚህ ብርድ? ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ? እሱ ምን አለበት፣ ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያ አለው!

ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ባልነግራችሁ ይሻላል። ጋቢ ደርቤ ነበር የምሮጠው፤ የሰፈሩ ውሾች እንኳ መጮህ ትተው ታዘቡኝ። ያበረታታኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ የእትዬ አስካለ ቤት አለ። ሁልጊዜ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዩኛል። እኔ ሞኙ እያደነቁኝ መስሎኝ! ደጃቸው ስደርስ ደረቴን ነፋ አድርጌ ፍጥነት እጨምር ነበር።

እውነቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። የእትዬ አስካለ ልጅ ጌታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ወደ ጅቡቲ ከወረደ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ስልኩ ዝግ ነው። እናት እንቅልፍ የላቸውም። መርዶ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ሄዶ። እንግዲህ አስቡት፤ በየማለዳው ጋቢ የለበሰ ሰው ወደ ቤታቸው ሲሮጥ ያያሉ። ባለፍኩ ቁጥር «ተመስገን፣ ዛሬም አይደለም» ይሉ ነበር አሉ።

የእኔ ጥፋት ጓደኛ ማብዛቴ ነው። ብቻዬን መሮጥ ሰለቸኝና ሁለት ሰው አግባባሁ። አንዱ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። ሌላው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ደምሴ፣ የእድራችን ዳኛ! ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ፊት ፊት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ማለዳ ሦስታችንም ጋቢያችንን ደርበን ቁልቁለቱን ወረድን። ጋሽ ደምሴ ትንፋሽ አጠራቸው። የት ደርሰው ቆሙ? እትዬ አስካለ ደጃፍ! እኛም አብረን ቆምን። ሦስት ወንዶች፣ አንገታችንን ደፍተን፣ እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን። ጋሽ ደምሴ ላብ ስላጠመቃቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮፍያውን አዩ። «ልጄ ምን ሆነ? ንገሩኝ!» አሉ። ድምፃቸው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልመልስ አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? «ጥቂት ይታገሱኝ» ለማለት እጄን አነሳሁ። እሳቸው ግን «እንግዲህ ይጽናኑ» ያልኳቸው መሰላቸው።

እሪ አሉ። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ፣ ወንዶቹ «መቼ ነው? የት ነው?» እያሉ። ማን እንደሞተ ሳያጣራ የሚያለቅስም ነበር። ትንፋሼ ሲመለስ «ኧረ ማንም አልሞተም! ስፖርት ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንዱ በንቀት አየኝና «የእድር ዳኛ ይዘህ ስፖርት?» አለኝ።

እስቲ ይደወልለት ተባለ። ደወልኩ፤ አይሠራም። ደገምኩ፤ አይሠራም። ያኔ እኔም ፈራሁ። ሳላውቀው እውነተኛውን መርዶ ይዤ መጥቼ ቢሆንስ? ሰው ሁሉ አፌን ያያል። በመጨረሻ የረዳቱ ቁጥር ተገኘ። ጠራ። ጠራ። ሊዘጋ ሲል ጌታቸው ራሱ በእንቅልፍ ድምፅ «ሃሎ» አለ። ስልኩ ወድቆ ተሰብሮበት ኖሯል። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ የኛን ለቅሶ ሰማና «እማዬን! ወይኔ እማዬን!» ብሎ እሱ በተራው ማልቀስ ጀመረ። እትዬ አስካለ ስልኩን ነጠቁኝ። «አለሁ! አንተ ነህ ልትገድለኝ የነበረው፣ ደንቆሮ!» እንደዚያ የሚያስደስት ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በዚህ መንገድ እንዳላይህ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ሩጥ» አሉኝ፤ «ግን ደጄ ሳትደርስ ከሩቁ ‹ደህና ነው!› በል።»

ከማግስቱ ጀምሮ «ደህና ነው!» እያልኩ ማለፍ ጀመርኩ። እሳቸውም ከውስጥ «ተመስገን!» ይላሉ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ደጆች ለመዱና ከዚህም ከዚያም ተመስገን ይዘንብልኝ ጀመር። ብርዱን መቼ እንደረሳሁት አላውቅም። ማለዳው ይናፍቀኝ ጀመር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ባለፈው ግን ውርጩ በረታብኝና ቀረሁ። ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ባለቤቴ ዘላ ተነሳች፤ እናቷ አንኮበር ታመው ተኝተዋል። ከፈተች። እትዬ አስካለ ጋቢ ደርበው፣ ዳገቱን በሩጫ ወጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ የለም። እጃቸውን አነሱ።

ባለቤቴ እሪ አለች።

«ኧረ... እሱን... ደህና መሆኑን... ልጠይቅ ነው» አሉ እትዬ አስካለ፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ከወጣ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ባለቤቴ ራሷ ናት በጊዜ ቀስቅሳ፣ ጋቢዬን አልብሳ የምታስወጣኝ። ሐኪሙ ሩጫ ግፊት ይቀንሳል ሲለኝ፣ የማንን ብዬ አልጠየቅኩትም ነበር።