በወተት ካርቶን የተገኙት አስራ አንድ መጽሔቶች

ገጽ አንድ

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሆንኩት እኔ ፕላሜዲ፣ ዕድሜዬ አስራ አምስት፣ ሙሉ ጤንነትና አእምሮ ይዤ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። መጽሔቶቹ አስራ አንድ አይደሉም፤ አስራ ሁለት ናቸው። አስራ ሁለተኛው አሁን ከተቀመጥኩበት ትራስ ሥር ነው። ይህን እዚህ መጻፌ አያሰጋኝም። ሊቀመንበሩ እስከ ዛሬ አራት ቃለ ጉባኤ ፈርመዋል፤ አንዱንም አላነበቡም።

ቀን፦ ቅዳሜ ሐምሌ 19 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.። ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ አስር ከሩብ ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ ኪንሻሳ፣ ማቴቴ፣ የማማ ሉዞሎ ግቢ፣ ከቦምቦሊኖ መጥበሻው አጠገብ።

የተገኙ፦
1. አጎት ንሱምቡ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሊቀመንበር። ባለፈው ወር ለእህቴ ጥሎሽ የተቀበሉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።
2. ማማ ሉዞሎ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ቦምቦሊኖ ጠባሽ። ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር ጎትተው ያወጡት እሳቸው ናቸው።
3. ፓፓ ማኪየሴ፣ ጎረቤት።
4. ፓፓ ማኪየሴ፣ ዲያቆን።

ምልዓተ ጉባኤው አራት ሰው ስለሆነ መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ አንድ፦ "ሙሽራይቱና አጎቷ" የተሰኘው ተከታታይ ባለሥዕል መጽሔት ይቃጠል ወይስ ይቃጠል?

ፓፓ ማኪየሴ (ዲያቆኑ) መጽሔቱ ትውልድ የሚያበላሽ መሆኑን አስረድተዋል። አንብበውት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ "እኔ? ሽፋኑን ሳይ ይበቃኛል!" ብለዋል። ጸሐፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት በእግሯ እየተመለሰች፣ በታክሲ ሳንቲሟ አንድ በአንድ የሰበሰበቻቸው መሆኑን ለማስረዳት እጇን ብታወጣም፣ ሊቀመንበሩ "ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም" ብለዋታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሁሉም በማማ ሉዞሎ ምድጃ እንዲቃጠሉ በሦስት ሰዎች አራት ድምፅ ተወስኗል። ሆኖም ሰፈሩ "ሳያዩ አቃጠሉ" እንዳይል፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ጥፋት አስቀድሞ እንዲመዘገብ ስምምነት ላይ ተደርሷል።

አጀንዳ ሁለት፦ ምርመራ።

ቁጥር 1። ሙሽራው ሽማግሌ ይልካል። የሙሽራዋ አጎት የጥሎሽ ዝርዝር ያወጣል፦ ፍየል፣ ፋኖስ፣ ሙሉ ልብስ። ሊቀመንበሩ፣ "ታዲያ ሰውዬው ምን አጠፋ? መብቱን ነው የጠየቀው!" ብለው ሥዕሉን በጣታቸው መትተዋል። ጥፋት አልተገኘም።

ቁጥር 2። አጎትየው ፍሪጅ፣ ብስክሌትና ሁለተኛ ፍየል ይጨምራል። ሊቀመንበሩ ኮፍያ መረሳቱ እንዳሳዘናቸው ገልጸው፣ "የፕላሜዲ ጥሎሽ ጊዜው ሲደርስ ኮፍያ እንዳይረሳ፣ በቃለ ጉባኤው ያዢው" ብለዋል። ተይዟል።

ቁጥር 3። ፍየሉ በአጎትየው ላይ ይስቃል። ማማ ሉዞሎ፣ "ፍየል የሚስቀው የት አገር ነው?" ሲሉ ነገሩ ለድምፅ ቀረበ። ሊቀመንበሩና ማማ ሉዞሎ "አይስቅም" አሉ። ፓፓ ማኪየሴ እንደ ጎረቤት "ይስቃል፣ የራሴን አይቻለሁ" ሲሉ፣ እንደ ዲያቆን ግን ለማሰብ ጊዜ ጠይቀዋል። ማማ ሉዞሎ፣ "እርስዎ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ከራስዎ ጋር ይታረቁ!" ብለዋቸዋል። ጉዳዩ በይደር ቆይቷል።

ቁጥር 4፣ 5፣ 6። ጥፋት መመዝገቡ ተረስቷል። ራሶች ተገጣጥመዋል። በዚህ መካከል አስራ አራት ቦምቦሊኖ አርሮ ከሰል ሆኗል።

ገጽ ሁለት

ቁጥር 7። መካከለኛው ወረቀት የለም። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ "ልጅቷ እኮ ልትጠፋ ጀልባ ላይ ወጥታ ነበር! ወንዙን ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም?" ሲሉ ጠይቀዋል። ማማ ሉዞሎ ጠዋት መጠቅለያ ስላለቀባቸው ወረቀቱን ገንጥለው ቦምቦሊኖ እንደሸጡበት አምነዋል።

"ለማን ነው የሸጥሽው?"

"ለእሳቸው!"

ፓፓ ማኪየሴ በሁለቱም ማዕረጋቸው ክደዋል። ሲፈተሹ ግን አራት ቦታ የታጠፈ፣ በዘይት የራሰ ወረቀት ከደረት ኪሳቸው ወጥቷል። "ለማስረጃ ነው የያዝኩት" ብለዋል። ጮክ ብለው እንዲያነቡ ታዘዋል። የሙሽራዋን ድምፅ እያስመሰሉ አንብበዋል፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም።

ቁጥር 8 እስከ 11። ሙሽራዋ ተመልሳ መጥታለች። አጎትየው ዝርዝሩ ላይ ሬዲዮ ጨምሯል። በመጨረሻው ሥዕል ፈገግ ብላ፣ "አጎቴ፣ ነገ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ና" ትለዋለች። ይቀጥላል ይላል።

"ነገ ምን ሆነ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

ካርቶኑ ተገለበጠ። የማማ ሉዞሎ ዕቃዎች ተበተኑ። የፓፓ ማኪየሴ ኪስ ድጋሚ ተፈተሸ። ጸሐፊዋ ቁጥር 12 የት እንዳለ ስትጠየቅ፣ "ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም" በማለት የጉባኤውን መመሪያ አስታውሳለች።

ጸሐፊዋ ቁጥር 12ን የደበቀችው ስለምትወደው ብቻ አይደለም። እዚያ ላይ አጎትየው በግራጫ ሙሉ ልብሱ፣ ከሁለቱ ፍየሎች ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ፣ ደረቱ ላይ "ዝርዝሩ ተሟልቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ለሙሽራው ቤተሰብ ይላካል። ፍየሎቹም ይስቃሉ።

ውሳኔ፦ ቁጥር 12 ሳይገኝ ማቃጠል ታሪኩን በእንጥልጥል ማስቀረት ስለሚሆን፣ የማቃጠሉ ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ካርቶኑ ለጸሐፊዋ ይመለሳል። ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ያልተሻረው የኮፍያው ጉዳይ ብቻ ነው።

ስብሰባው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተበትኗል። ሊቀመንበሩ ሊፈርሙ እስክሪብቶ ካነሡ በኋላ፣ "ቆይ፣ ዛሬ ዓይኔ ንባብ ለምዷል፤ አምጪው እስቲ" ብለው ገጽ አንድን ወስደዋል። መነጽራቸውን አጥልቀዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። "ሙሉ ጤንነትና አእምሮ" የሚለው ጋ ፈገግ ብለዋል። አሁን ፈገግታው ጠፍቷል። ወረቀቱን ዝቅ አድርገው ትራሱን እያዩ ነው። ጸሐፊዋ

"ፕላሜዲ!"