አቶ ሀብተ ሥላሴና የፈላው ሞተር

መኪና ፈልቶ መንገድ ላይ ሲቆም ከሞተሩ በላይ የሚግል አንድ አዋቂ ከተሳፋሪው መካከል አይጠፋም። መኪና የለውም፤ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ እጁ ግራሶ ነክቶ አያውቅም። ኮፈኑ ሲከፈት ግን አዛዡ እሱ ነው።

የእኛው አዋቂ የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሹም፣ ክቡርነታቸው አቶ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ። ጣና ዳር ሲናፈሱ እንኳ የጀልባ ሞተር ሲያስል ከሰሙ ቆመው «ይረፍ!» ይላሉ። ጀልባው ሐይቁ መካከል መሆኑ ግድ አይሰጣቸውም። በደርጉ ዘመን የአውራጃውን አስተዳዳሪ ከላንድሮቨራቸው አስወርደው ግማሽ ሰዓት ዋርካ ሥር ያስቀመጡ ሰው ናቸው። «ሞተር ትእዛዝ አይሰማም፣ ጓድ» ብለዋቸው።

ነገሩ የሆነው በዚያው ዘመን፣ በብሔራዊ ውትድርናው ጊዜ ነው። ከዱርቤቴ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሸንቲ ሳንደርስ አውቶቡሳችን እንፋሎት ተፋ። ሾፌሩ አለበል ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጁን ሲሰድ አቶ ሀብተ ሥላሴ ከዘራቸውን ጣልቃ አስገቡ። አሁን ቢከፈት የፈላው ውሃ ፊቱን እንደሚልጠው፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ ብረቱ እንደሚሰነጠቅ አስረዱ።

«ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዚያ በጨርቅ ላላ አድርገህ አስተንፍሰው፤ ከዚያ ውሃ፣ ቀስ እያልህ።»

«ውሃውንስ ከየት ላምጣው፣ ጋሼ? በምክር ይሞላል እንዴ?» አለ አለበል።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ውሃ አብረውን የተሳፈሩት እማማ አገርነሽ ያቀፉት ጀሪካን ብቻ ነበር፤ እሱም ጸበል ነው። ልጃቸው አራት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር በወታደር መኪና ሊሄድ ነው፤ ሳይሄድ ሊያጠምቁት ይዘውለታል።

«ካልደረስሁበት ምን ይሠራልኛል? ጨምሩት፣ ልጆቼ» አሉ።

ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ነውር ነው ይላል፤ ሌላው መኪናውም ሳይለከፍ አይቀርም፣ ይጠመቅ ይላል። መርጌታ ወልደ ሐዋርያት ተጠይቀው፣ ስለ ራዲያተር የሚናገር መጽሐፍ እንዳልገጠማቸው መለሱ። ወደ አዋቂያችን ብንዞር የሉም። ለሽንት ወጣ ብለው ይሆናል አልን።

ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል ከታች ካለው ወንዝ በኩል ዳገቱን ወጥተው ብቅ አሉ፤ ጎንበስ ብለው፣ ጀርባቸው ላይ ሙሉ እንስራ አዝለው። በጎጃም ምድር ወንድ እንስራ አዝሎ ከታየ ለሰባት ዓመት መሳቂያ ነው። የእንስራው ባለቤት ከኋላ እየተከተለች «የማን ቤት ሙሽራ ነዎት?» እያለች ትስቃለች። እሳቸው ዘወር ብለው አላዩአትም። ኮታቸው በውሃ ርሶ፣ እያለከለኩ ሸክማቸውን አወረዱና አለበልን «አሁን ክፈተው» አሉት።

ባሕር ዳር ስንደርስ የወታደሩ መኪና ሞተሩ ተነሥቷል። እማማ አገርነሽ ጎማው ላይ ወጥተው ጸበሉን በልጃቸው ራስ ላይ አፈሰሱት። አጠገቡ የቆሙት ዘማች ልጆችም አንገታቸውን ወደ ጀሪካኑ አስረዘሙ።

ሰኞ ቢሮ ውስጥ ክቡርነታቸው ጉዳዩን ከክዳኑ ጀምረው ሲያስተምሩ አረፈዱ። ውሃው ላይ ሲደርሱ «ውሃ ተገኘ» ብለው ሊያልፉ ፈለጉ።

«ማን አመጣው?» አለች የጽሕፈት ሠራተኛዋ ባንቺአየሁ።

አቶ ሀብተ ሥላሴ መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር። አብሬያቸው እንደ ነበርሁ ስለምታውቅ ወደ እኔ ዞረች።

«ተገኘ» አልኋት።